የአባባ እጅ

የእናቴን የሐኪም ቤት ካርድ ስፈልግ ነው ያገኘሁት። ወረቀት የምናጠራቅምበት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አለን። የመብራት ደረሰኝ፣ የክትባት ወረቀት፣ የሞቱ ሰዎች ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚገባው። እጄን ስሰድ ጠንከር ያለ ወረቀት ነካሁ። ሳላየው በጣቴ አወቅሁት። አውጥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የፕሪንተር ቀለም፣ ትንሽ እርጥበት፣ ትንሽ የሩዝ ገለባ ብናኝ ሸተተኝ፤ ወይም የሸተተኝ መሰለኝ። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ወረቀት ይሸታል ብል ማን ያምነኛል።

የጥሪ ካርድ ነው፤ የወንድሜ የሙት ዓመት መጥሪያ። የተጻፈው በአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ አባቴ ግን አልጻፈውም። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ የምትቸኩልበት ከሌለህ።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወረታ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ፈንጠር ብላ አስፋልቱን በምታይ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሲሞቅ የሚያስል አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበሩን። ከጎናችን የሩዝ መፈልፈያ አለ፤ ጠዋት ተነሥቶ ሲያጓራ ይውላል። የገለባው ብናኝ በመስኮት እየገባ ኪቦርዱ ላይ፣ ወረቀቱ ላይ፣ ጸጉሬ ላይ ያርፋል። ቤት ስገባ እናቴ ራሴን እያራገፈች፣ "ስትጽፊ ነው የዋልሽው ወይስ ሩዝ ስትፈለፍዪ?" ትለኝ ነበር።

የሱቁ ባለቤት የደብተራ ልጅ ነበረች። እትዬ ነው የምላት። ከአባቷ ትምህርቱን ባትወስድም ለፊደል ያለውን ፍርሃት ወስዳለች። የተጻፈበት ወረቀት መሬት ወድቆ ካየች አንሥታ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠዋለች እንጂ አትጥለውም። የደንበኛ የተበላሸ ማመልከቻ ይሁን የባጃጅ ማስታወቂያ ግድ የላትም። ፊደል አይረገጥም፣ አለቀ። የሱቁ ግድግዳ ከጭቃው ይልቅ በወረቀት የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ይኼ ጠባይዋ ኮምፒዩተሩ ውስጥም ገባ። በዚያን ጊዜ አማርኛ በኮምፒዩተር ሲጻፍ እንደዛሬው አልነበረም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት፣ እያንዳንዱ ደብር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ማመልከቻ ጸሐፊ የየራሱ ፎንት፣ ማለት የራሱ የፊደል ቅርጽ፣ ነበረው። በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ጽሑፉ ይጠፋና ትርጉም የሌለው ምልክት ይደረደራል። ስለዚህ ደንበኛ ጽሑፉን በፍላሽ ሲያመጣ ፎንቱንም አብሮ ያመጣል፣ እኛም እንጭነዋለን። ሥራው አልቆ ደንበኛው ሲሄድ ፎንቱ እኛ ዘንድ ይቀራል። ሌላው ይመጣል፣ ሌላ ፎንት ይጫናል። ዝርዝሩን ለማየት ማውሱን ወደታች ብትጎትተው ብትጎትተው አያልቅም።

"እትዬ፣ የማንጠቀምባቸውን ባጠፋቸውስ?" እላታለሁ።

"ነገ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ምን ልትይው ነው? ፊደልህን ጣልነው ልትይው? ቤት የገባ እንግዳ አይባረርም።"

ኮምፒዩተሩ ግን እንግዳ ማስተናገዱ እየከበደው መጣ። ጠዋት ከፍቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና ሲንቀረፈፍ አገኘዋለሁ።

ሲብስበት ወንድሜን እንጠራለን። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ባሕር ዳር ኮምፒዩተር ተምሮ እዚያው ሥራ ይዞ ነበር። ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ የማያስፈልገውን ፎንት እየመረጠ ይቀንሳል፤ እትዬ ደግሞ እሱ ሲሄድ ከፍላሹ መልሳ ታስጭነኛለች። እሱም ያውቃል። ግን አይቆጣም። "እናንተ ሰብስቡ፣ እኔ እየመጣሁ እጠርጋለሁ" ብሎ ይስቅና ይሄዳል።

ከእነዚያ ሁሉ ፎንቶች መካከል አንዱን የሠራው እሱ ራሱ ነው። አባታችን በልጅነቱ ጣራ ገዳም ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ነበር፤ ብራና ላይ በመቃ ብርዕ የሚጻፈውን ቀጥ ያለ፣ ወፍራም ፊደል። በኋላ አግብቶ ሜዳው ላይ ሩዝና ጓያ ሲዘራ ኖረ እንጂ ብርዑን አልተወም። ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ይተካል፣ ለጎረቤት ውል ይጽፋል። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ውሃ ሲጠጣ ነበር የሚታየው። ቀጥሎ ብርዑ ላይ መጣ።

ወንድሜ ይህን ባየ ጊዜ አንድ በጋ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ገዝቶ መጣና ፊቱ ዘረጋለት።

"አባባ፣ ፊደሉን በሙሉ ይጻፉልኝ።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"እጅዎ ሲደክም ኮምፒዩተሩ ባንቱ እጅ እንዲጽፍ።"

አባቴ ሳቀ። "እንዲያ ከሆነማ ሩዙንም በእጄ ይዝራልኝ" አለ። ግን ጻፈ። የሚጽፈው ጠዋት ብቻ ነው፣ እጁ ሳይደክም። በረቱ ፊት፣ ፀሐዩ ገና ሳይከር፣ ሣንቃ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ንፋስ እንዳያነሣው ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የቀለሙ ሽታና የከብቶቹ ትንፋሽ አሁንም ይመጣብኛል። ሰባት ስምንት ፊደል ከጻፈ በኋላ እጁ እምቢ ይለዋል፤ "የዛሬው በቃ" ብሎ ብርዑን ይጠርጋል። ከሀ ተነሥቶ ፐ እስኪደርስ በጋው አለቀ። መጨረሻ አካባቢ ያሉት ፊደሎች ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ወንድሜ በኮምፒዩተር ሊያቃናቸው ይችል ነበር፣ አላቃናቸውም። ለምን ስለው "እጁ እንዲህ ነዋ" አለኝ።

ፎንቱን ሠርቶ ሲጨርስ ሱቃችን ኮምፒዩተር ላይ ጫነውና "የአባባ እጅ" ብሎ ስም ሰጠው። ወረታ ወደደችው። የሰርግ ካርድ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ "ያንን ፊደል አድርጉልን" ይል ጀመር። አባቴ በማያውቃቸው ሰዎች ሰርግ ላይ በእጁ ተገኘ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ሰኔ ነበር። የሰርግ ካርድ ይዤ፣ ፎንት ልመርጥ ዝርዝሩን ስከፍት ስክሪኑ ነጣ። ጠበቅሁት። ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። አጥፍቼ ባበራው ያው ነው፤ ዝርዝሩን ነካ ሳደርገው ይነጣል፣ ይዘጋል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ስታክ አደረገብኝ፣ ና።"

"በዝተውበታል አላልኩሽም? ነገ ብመጣስ?"

"የሰው ካርድ አለብኝ፣ ዛሬ ና።"

"እሺ በቃ፣ መጣሁ።"

ሌላ ነገር አልተባባልንም። የተሳፈረበት መኪና ሐሙሲትን እንዳለፈ ተገለበጠ። ዝናብ ነበር፣ አስፋልቱ ያንሸራትት ነበር። ሹፌሩ ተረፈ፣ ወንድሜ አልተረፈም። ሲነግሩኝ ነጩ ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ እሱን እየጠበቅሁ ነበር።

አላለቀስኩም። እናቴ ስትወድቅ ደገፍኳት። ወንበር ደረደርኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ከሩቅ የመጡትን ማን የት እንደሚያድር መደብኩ። ለቀስተኛው "እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ" ሲል ሰምቻለሁ። ጥንካሬ አልነበረም። የደነዘዘ እጅ ብትቆነጥጠው አይሰማውም አይደል፣ ልቤ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ከሠልስቱ በኋላ ሥራ ገባሁ። እነዚያ ሰርገኞች ካርዳቸውን ባሕር ዳር አሠርተው ነበር።

ያን ቀን ለምን እንደመጣ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ "ቀኑ ደርሶ ነው" ይላል። ቀኑ ከደረሰ ጠሪ አያስፈልገውም ብዬ ለማመን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የካርዱን ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ አልከፈትኩትም። ደብዳቤና ማመልከቻ ብቻ እጽፋለሁ። ካርድ ፈልጎ የሚመጣውን እትዬ ራሷ "ተበላሽቷል" ብላ ትመልሰዋለች። እኔን ቀና ብላም አታየኝም። ደግ ሰው ነበረች።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አባቴ አንድ ቀን ከእራት በፊት፣ "መጥሪያው ካርድ ይሁን" አለ።

"ለሙት ዓመት ደሞ ካርድ! ሰው በአፍ ይጠራ የለ" አለች እናቴ።

"ይኸን ስም አንድ ጊዜ በእጄ ልጻፈው።" ወደ እኔ ዞረ። "እጄ እንኳ ከድቶኛል። አንች ጋ ግን አለ አይደል? የልጄን ስም በሌላ ሰው እጅ አታስጽፊብኝ።"

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ።

ዘመዶቻችን ከርብ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ተበትነው ነው የሚኖሩት። ሁሉንም አንድ ላይ የምታገኛቸው ይፋግ ገበያ ነው። ክረምቱ ገፍቶ ሜዳው ላይ ውሃ ከተኛ መንደር ለመንደር መዞር የለም። ካርዱ ለገበያው መድረስ ነበረበት፤ ካልደረሰ በአፍ ነው የሚጠሩት፣ አባቴም የለመነኝ አንድ ነገር ይቀራል። እኔ ደግሞ የገበያው ዋዜማ እስኪደርስ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ባሕር ዳር ወስደሽ አሠሪው ብላኝ ነበር እትዬ። የባሕር ዳር መንገድ ያው መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሄጄበት አላውቅም።

በዋዜማው አባቴ ራሱ መጣ። ከነጠላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የጥቁር አፈር ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተያይዞታል። እትዬ የራሷን ወንበር ለቀቀችለት።

"አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ። በዚህ ዝናብ ምን አስወጣዎ?"

"ስትጽፈው ልይ ብየ ነው" አለ።

ከፈትኩት። የወንድሜን ስም ጻፍኩና ፎንት ልመርጥ ዝርዝሩን ነካሁት። ስክሪኑ ነጣ። ልክ እንደ ባለፈው ዓመቱ፣ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ የጠበቀኝ ይመስል። ተዘጋ። ደግሜ አበራሁት፣ ነጣ፣ ተዘጋ።

እትዬ ባሕር ዳር ለምታውቀው አንድ ባለሙያ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። "ፎንት በዝቶበት ይሆናል፣ ካልሆነም ከመካከላቸው አንዱ የተበላሸ አለ። ግማሹን አውጡና ሞክሩት፤ ከሠራ የተበላሸው ካወጣችሁት ውስጥ ነው፣ ካልሠራ ከቀረው ውስጥ ነው። እንደዚያ እያላችሁ በግማሽ በግማሽ ስታጠቡት ታገኙታላችሁ።"

እትዬ ስልኩን ዘጋችና አየችኝ። "የሰው ፊደልማ አይጣልም።"

"መጣል አይደለም እትዬ፣ ለጊዜው ሌላ ፎልደር ውስጥ ማሳደር ነው።"

"እንግዳ ማረፊያ ነገር?"

"አዎ።"

"እሱ ይሁን" አለች። ፎልደሩን "እንግዳ ቤት" ብዬ ስም እንዳወጣለት አደረገችኝ፤ በኋላ እንዳይጠፋብን።

ግማሹን እንግዳ ቤት አስገባሁ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፣ ዝርዝሩን ነካሁ። ሠራ። ስለዚህ ጥፋተኛው ካወጣሁት ውስጥ ነው አልኩ። እርግጠኛ ለመሆን እነዚያን መልሼ ሌላውን ግማሽ አወጣሁ። ይሄ መበላሸት ነበረበት፤ ሠራ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደብተር አወጣሁና የወጣውንና የገባውን መዘገብኩ። እያጠፋሁ፣ እያበራሁ፣ እየጠበቅሁ፣ ከሩብ ሩቡን እያወጣሁ ሞከርኩ። ይሠራል። ሁሉንም ስመልሳቸው ይነጣል። ጠዋቱ በዚህ አለፈ። እትዬ ሁለት ጊዜ በስመ አብ ብላ አማተበች። አባቴ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዱላው ከእጁ ጋር እየተንቀጠቀጠ፣ ስክሪኑ ሲነጣና ሲበራ ያያል።

እኔም አንድ ነገር ልብ አልኩ። ያን ጥፋተኛ ፎንት በጣም ፈልጌው ነበር። ቢገኝ፣ አንዱ መናኛ ፎንት ነው፣ እገሌ በፍላሽ ያመጣው፣ በዚህ ቀን የጫንነው ብዬ ጣቴን ብቀስርበት ደስ ይለኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የተቀሰረው ወደ ራሴ ነበርና።

እኩለ ቀን ላይ መፈልፈያው ለምሳ ቆመ። ያ ጩኸት ሲቆም ጆሮ ይጨልማል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብና ሜዳው ላይ የሚንጫጫው እንቁራሪት ብቻ ቀረ። እትዬ ሻይ ልታመጣ ወጥታ ነበር።

"አገኘሽው?" አለ አባቴ።

"አላገኘሁትም፣ አባባ።"

"ማነን ነው የምትፈልጊ?"

"ያበላሸውን ፊደል። እነዚህን ባወጣ ይሠራል፣ እነዚያን ባወጣ ይሠራል። ለየብቻቸው ሁሉም ደኅና ናቸው። አንድ ላይ ሲገቡ ነው የሚዘጋው።"

"እንዲህ ከሆነ ምኑን ነው የምትፈልጊ?"

ኪቦርዱ ላይ ያረፈውን ብናኝ በጣቴ ጠረግሁ። ከዚያ ሳላስበው ወጣ።

"አባባ፣ ያን ቀን የጠራሁት እኔ ነኝ። ይኼው ተበላሽቶብኝ። ነገ ልምጣ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ ና አልኩት።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የሰው ወሬ የማወራ ይመስል ነበር።

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

ቀና አልኩ።

"በዚያው ጠዋት እኔም ደውየለት ነበር። መነጥሬ ተሰብሮ ማንበቢያ አጥቸ። 'አይዞዎ አባባ፣ እቴም ጠርታኛለች፣ ይዠልዎ እመጣለሁ' አለኝ። ታዲያ ፍጠን አልሁት።" ዱላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው። "እናትሽም ጠርታዋለች። የማርያም ማኅበር ተራዋ ነበር፣ ጠላየን ሳትቀምስልኝ እንዳትቀር ብላው። እሷ ብቻዋን የጠራችው ነው የሚመስላት። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ 'እኔ ነኝ የጠራሁት፣ እኔ ነኝ' ስትል ሰምቻታለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም?"

"አፌ እምቢ አለኝ። አንችስ እስከ ዛሬ መች ነገርሽኝ።"

እውነቱን ነው።

"እንንገራት" አልኩ።

"እንነግራታለን። እስቲ ሙት ዓመቱ ይለፍ።"

እትዬ ሻዩን ይዛ ስትገባ የሁለታችንን ፊት አይታ ብርጭቆዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ምን ላይ እንደደረስኩ ጠየቀችኝ። የተበላሸ የለም፣ ብዛታቸው ነው አልኳት። ዝርዝሩን፣ ግድግዳውን፣ አባቴን አየች።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ" አለች። "ይውጡለት በቃ። የአባትሽ ግን ይቆይ።"

አወጣኋቸው። የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ፣ የደብሩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ ስማቸውን የረሳኋቸውን ሙሽሮች። እትዬ ያሏትን ፍላሾች ሁሉ ከመሳቢያዋ አውጥታ ፎንቶቹን አከፋፍዬ እንድገለብጥባቸው አደረገች። እያንዳንዱን በፖስታ አሽጋ፣ የባለቤቱን ስም ጽፋ፣ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጠቻቸው። አንድም አልተጣለም። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ሲመጣ ፖስታው ይወርዳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ እንደዚያ ሠራን።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ፎንቶች መካከል "የአባባ እጅ" ነበር። መረጥኩት። አልነጣም። የወንድሜ ስም በአባቴ እጅ ተጻፈ።

የመጀመሪያው ካርድ ሞቆ ሲወጣ ለአባቴ ሰጠሁት። በሩ አጠገብ ወዳለው ብርሃን ይዞት ሄደ። ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ አይንቀጠቀጥም።

"ደኅና ጊዜየ ነበር" አለ።

በማግስቱ ካርዶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ይፋግ ወረደ። ለዘመዶቹ አንድ በአንድ በእጁ ሰጣቸው። አንዳንዶቹ "በዚህ እጅዎ ይኸን ሁሉ ጻፉት?" ብለው ጠየቁት። "ልጄ ጻፈልኝ" ብሎ እንደመለሰላቸው ሰምቻለሁ። የትኛውን ልጁን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሙት ዓመቱ አለፈ። ለእናቴ አልነገርናትም። መጀመሪያ እንግዳው ይበተን አልን። ከዚያ ሩዙ ይታረም አልን። ከዚያ ጾሙ ገባ፣ ከዚያ አጨዳ መጣ። አባቴና እኔ ብቻችንን ስንሆን እንተያያለን፣ አንዳችንም አንጀምርም። እንደዚህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ለመናገር ቀላል ነው የሚመስለው፣ እንዲህ ለሌላ ሰው ሳወራው። አባቴ ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የእሱንም መጥሪያ በእጁ ጻፍኩለት፤ ፎንቱ ዛሬም እኔ ጋ አለ። ያኔም አላለቀስኩም። እናቴን ወደ እኔ አመጣኋት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የቅጠል ኮሽታ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት ያን ካርድ ይዤ ቆርቆሮው አጠገብ ስቀመጥ እሷ በረንዳ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለሐኪም ቤቱ ተዘጋጅታ።

"አገኘሽው?" አለችኝ።

አባቴ በዚያች ሱቅ ውስጥ የጠየቀኝ ቃል ነው። ወጥቼ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ሌላ ነገር ነው ያገኘሁት፣ እማ። የወንድሜን የሙት ዓመት ካርድ።"

እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ዓይኗ አያነብላትም፣ ግን ገልብጣ ገልብጣ ዳሰሰችው።

"እማ፣ ያን ቀን አንቺ ብቻ አይደለሽም የጠራሽው። አባባም ጠርቶት ነበር፣ መነጽር እንዲያመጣለት። እኔም ጠርቼው ነበር።"

እጇ ካርዱ ላይ ቆመ። ከአሁን አሁን ታለቅሳለች፣ ወይም ትቆጣለች፣ ይህን ሁሉ ዓመት ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትለኝ ይገባኝ ነበር። መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

"አንች ምን ብለሽ ጠራሽው?" አለች።

"ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶብኝ። ና ሥራልኝ ብዬ።"

አሰበች። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ አቃናችው።

"ታዲያ ተሠራ?"

"ምኑ፣ እማ?"

"ኮምፒተሩ።"

"ተሠራ" አልኩ። "ተሠራ፣ እማ።"

"እንኳን" አለች፤ ራሴ ላይ እጇን አሳርፋ፣ ያ ሁሉ ዓመት እንዳላለፈ፣ የሩዙን ብናኝ ከጸጉሬ ማራገፍ ጀመረች።